ሦስት ታዋቂ ሰዎችና አንድ የመሐል ወንበር

የ«ፖለቲካ፣ ሕግና ኅብረተሰብ» ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር አዘጋጅ ኮሚቴ ሃያ ሦስተኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡40 ላይ የተጀመረ
ቦታ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የጋዜጣ ማንበቢያ ክፍል (የስብሰባ ክፍሉ ቁልፍ የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ስለተቆለፈበት)

የተገኙ አባላት፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ
2. የታሪክ መምህሩ፣ እንግዶችን የማስተዋወቅ ኃላፊ
3. ፎቶ አንሺው፣ የመስተንግዶና የመቀመጫ ኃላፊ
4. ፋርማሲስቷ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊና የጸሐፊዋ አክስት
5. ጸሐፊዋ፣ የሕግ ምሩቅና የቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ክፍል ሠራተኛ፤ ድምፅ የመስጠት መብት የላትም

ያልተገኙ፦ የድምፅ ማጉያ ባለሙያው። በስልክ ሲጠየቁ ጥሪውን እንዳልሰሙ ገልጸዋል።

ድምፅ ከሚሰጡት አምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በስቴፕለር ሦስት ጊዜ መትተው ስብሰባውን ከፍተዋል። በሦስተኛው ምት ስቴፕለሩ የታሪክ መምህሩን እጅጌ ከአጀንዳው ጋር ስለሰፋው ለአራት ደቂቃ ተቋርጦ ቀጥሏል።

አጀንዳ 1፦ ካለፈው ወር እንግዳ የደረሰ ደብዳቤ

ባለፈው ወር የተጋበዙት ታዋቂዋ የኅብረተሰብ ተመራማሪ የላኩት ደብዳቤ በንባብ ተሰምቷል። ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከተመደበልኝ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት ከአምሳ አንድ ደቂቃውን የተናገሩት ያስተዋወቁኝ ሰው ናቸው። ለእኔ ዘጠኝ ደቂቃ ደርሶኛል። ቅሬታ የለኝም፤ ስለ ራሴ ብዙ ነገር አውቄ ተመልሻለሁ። አያቴን ግን ከሌላ ሰው አያት ጋር አምታተዋቸዋል።»

የታሪክ መምህሩ በሰጡት ምላሽ፣ ታዋቂ ሰው ከሥረ መሠረቱ ተነጥሎ መድረክ ላይ ከወጣ ታዋቂነቱ እንደማይታወቅ፣ እንዲያውም በዚያ ቀን ሰዓት አጥሯቸው ከእንግዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ መቆማቸውን አስረድተዋል። ፎቶ አንሺው «ጋሼ መቅድም እኮ ልክ ናቸው» በማለት ደግፈዋቸዋል። የታሪክ መምህሩ ይህ ቅጽል ስም ከማን እንደተሰማ ጠይቀዋል። ፎቶ አንሺው ከማንም እንዳልሰሙ፣ ሰብሳቢው ከፎቶ አንሺው እንደሰሙ፣ ፋርማሲስቷ ደግሞ ከተማሪዎቻቸው እንደሰሙ ገልጸዋል። የታሪክ መምህሩ ስሙ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቀው ጥያቄያቸው ተመዝግቧል።

ፋርማሲስቷ ከዚያ ንግግር ማግስት የራስ ምታት መድኃኒት ከመደርደሪያቸው ማለቁን ለኮሚቴው አሳውቀዋል።

ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ከእንግዲህ አንድ እንግዳ የሚተዋወቅበት ጊዜ ከአርባ ደቂቃ እንዳይበልጥ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። የታሪክ መምህሩ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ምክንያታቸውን ለማስረዳትም አርባ ደቂቃ ጠይቀው ተከልክለዋል።

አጀንዳ 2፦ የቅዳሜው ተናጋሪ

ሰብሳቢው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት የሚናገረው ማን እንደሆነ እንዲነበብ አዘዋል። ጸሐፊዋ ከሁለት ወር በፊት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ያጸደቀውንና በመግቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም አንብባለች። በዚያ መሠረት የቅዳሜዋ ተናጋሪ ጸሐፊዋ ራሷ ናት። ርዕሷ «ባለጉዳዩ ሳይሰማ የተሰጡ ፍርዶች» ሲሆን ሁለት ዓመት የፈጀ፣ ስድሳ አንድ መዝገብ የተመረመረበት፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ጥናት ነው።

ሰብሳቢው በጸሐፊዋ ላይ ምንም የግል ነገር እንደሌላቸው፣ ነገር ግን የንግግሩ መተዳደሪያ «ታዋቂ ሰዎች» እንደሚል፣ ያን ጊዜ ሲያጸድቁ ይህን ቃል ሳያስተውሉት እንዳለፉ ገልጸዋል። ፎቶ አንሺው «እስቲ የኔ እመቤት፣ አንቺን ማን ያውቅሻል?» በማለት ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ፣ ፎቶ አንሺው ከአምስት ወር በፊት ከውሰት ክፍል የወሰዱትን «በአሥር ቀን ሐቀኛ ሰው መሆን» የተሰኘ መጽሐፍ እስካሁን ስላልመለሱ እሷ ግን እሳቸውን በደንብ እንደምታውቃቸው መልሳለች። ፋርማሲስቷ «ልጄ፣ ተይው ይለፍሽ» ብለዋል።

ሰብሳቢው ቀጥለው፣ ይህን ክፍተት አስቀድመው በማየት አንድ ታዋቂ ጠበቃ መጋበዛቸውን በደስታ አብስረዋል። የታሪክ መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እሳቸውም የቀድሞውን ሚኒስትር መጋበዛቸውን ተናግረዋል። ፎቶ አንሺው በበኩላቸው ታዋቂዋን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መጋበዛቸውን ተናግረዋል። ሦስቱም አባላት ሌሎቹ እንዳይረሱት በመስጋት ብቻ እንደጋበዙ፣ ሦስቱም እንግዶች መምጣታቸውን በደብዳቤ እንዳረጋገጡ ታውቋል።

የታሪክ መምህሩ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ፋርማሲስቷ «ሁለት ነው የተባለው። ሦስተኛውን ማን ትከሉ አላችሁ?» ብለዋል።

ከሦስቱ እንግዶች ሁለቱ ይቀነሱ የሚል ሀሳብ ቀርቦ ውይይት ተደርጎበታል። ሰብሳቢው ስለ ቀድሞው ሚኒስትር፣ «ሥልጣን ላይ ሳሉ አምስት ዓመት ሙሉ ተናግረው አንድ ነገር አላሉም፤ ቅዳሜ ምን ሊጨምሩ ነው?» ብለዋል። የታሪክ መምህሩ ስለ ጠበቃው፣ «ጠበቃው ብዙ የሚናገሩት የሚሸነፉ ሲመስላቸው ነው፤ ሁልጊዜም ብዙ ይናገራሉ» ብለዋል። ሁለቱም በአንድነት ስለ ጋዜጠኛዋ፣ ጠይቃ ራሷ እንደምትመልስና እንግዳዋን ለጌጥ እንደምታስቀምጥ ተናግረዋል። ፎቶ አንሺው ጥርሷ ለፎቶ እንደሚመች በመግለጽ ተከላክለውላታል።

ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፦
ሀ) ሦስቱም እንግዶች እንዲመጡ፣
ለ) የጸሐፊዋ ንግግር እንዲሰረዝና በሩ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም ዛሬውኑ እንዲነሣ በሦስት ድምፅ ተወስኗል።

ፋርማሲስቷ «ዘመዴ ናት፣ እኔ እጄ የለበትም» በማለት ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ይህን ሲሉ የተመለከቱት መስኮቱን ነው።

አጀንዳ 3፦ የመሐል ወንበር

ፎቶ አንሺው ለጋዜጠኛዋ መሐል እንደምትቀመጥ ቃል መግባታቸውን፣ በሁለቱም በኩል ሰው ሲኖር ፎቶው ሚዛን እንደሚጠብቅም አስረድተዋል። ሰብሳቢው ጠበቃው የሚመጡት መሐል ለመቀመጥ መሆኑን፣ ይህንንም ከፎቶ አንሺው እንደሰሙ ተናግረዋል። የታሪክ መምህሩም የቀድሞው ሚኒስትር እንዲሁ እንደተነገራቸው ገልጸዋል። ፎቶ አንሺው ሲጠየቁ፣ ለሁሉም መሐል እንደሚቀመጡ መናገራቸውን አምነው «ሰው ደስ ሲለው ለፎቶ ያምራል፣ ምን አጠፋሁ?» ብለዋል።

የቀረቡ ሀሳቦች የሚከተሉት ናቸው፦

ሰብሳቢው ወንበሮቹ በክብ እንዲደረደሩ ሐሳብ አቅርበዋል። ፎቶ አንሺው በክብ ከሆነ የአንዱን ታዋቂ ሰው ጀርባ ብቻ ለማንሳት እንደሚገደዱ ተናግረው ተቃውመዋል።

የታሪክ መምህሩ ዘጠኝ ወንበር ተደርድሮ በየሦስቱ መሐል አንድ እንግዳ ይቀመጥ ብለዋል። በግራ ቀኝ ያሉትን ስድስት ወንበሮች ማን እንደሚሞላ ሲጠየቁ የኮሚቴው አባላት ብለዋል። ቀጥሎ ከአባላቱ ማን የትኛው ታዋቂ ሰው አጠገብ ይቀመጥ የሚለው አሥራ ስምንት ደቂቃ ወስዷል።

ፎቶ አንሺው ሦስቱ ወንበሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ቢደረደሩ ከፊት ለሚያይ ሰው ሁሉም መሐል መሆናቸውን ገልጸው፣ በጋዜጣ ክፍሉ ወንበሮች ሙከራ ተደርጓል። ሰብሳቢው ከፊት፣ የታሪክ መምህሩ ከኋላቸው፣ ፋርማሲስቷ በግድ ከመጨረሻ ተቀምጠዋል። ከፊት ሲታይ ሰብሳቢው ብቻ ታይተዋል። የታሪክ መምህሩ ከኋላ ሆነው ንግግር ቢያደርጉም ድምፁ ከሰብሳቢው እንደሚወጣ ሁለት ጋዜጣ አንባቢዎች መስክረዋል። አንባቢዎቹ ከዚህ በኋላ ጋዜጣቸውን አጥፈው ወጥተዋል።

የመሐሉ ወንበር ባዶ ይተው የሚል ሀሳብም ቀርቧል። የታሪክ መምህሩ ባዶው ወንበርም መተዋወቅ እንዳለበት አሳስበው ሀሳቡ ሳይደገፍ ቀርቷል።

ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ሦስቱም በአንድ አግዳሚ ላይ እንዲቀመጡ፣ ፎቶ አንሺው በየተራ እያዘዋወሩ ሦስት ፎቶ እንዲያነሱ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ እሱ መሐል ያለበት ፎቶ ብቻ እንዲላክለት፣ ሦስቱ እንግዶች በቀሪ ዘመናቸው አንዱ ሌላው ቤት ገብቶ ፎቶውን እንዳያይ ተገቢው ጥንቃቄ እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ የሰዓት ድልድል

አዳራሹ ለሁለት ሰዓት እንደሚፈቀድ፣ ሦስት እንግዶችን እያንዳንዳቸውን በአርባ ደቂቃ ማስተዋወቅ ሁለት ሰዓት እንደሚሞላ ጸሐፊዋ አስታውቃለች። ፋርማሲስቷ «ታዲያ ሰዎቹ መቼ ሊናገሩ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የታሪክ መምህሩ «በደንብ ከተዋወቁ በኋላ ምን የሚሉት ቀራቸው?» ብለዋል። ሦስቱ እንግዶች በጭብጨባው መሐል ሁለት ሁለት ደቂቃ እንዲናገሩ፣ ጭብጨባውም ለዚህ ሲባል ዝግ እንዲል ተወስኗል።

ሰብሳቢው በዚሁ አጋጣሚ፣ የቀድሞው ሚኒስትር ትናንት ደውለው «ስለ ምን ነው የምናገረው? የተዘጋጀ ነገር ካላችሁ ላኩልኝ» ማለታቸውን አንስተዋል። ፎቶ አንሺው «ያቺ ሠላሳ ሁለት ገጽ አለች አይደል እንዴ? ሥራ ፈታ ከምትቀመጥ» ብለዋል። ሰብሳቢው ሀሳቡ መልካም መሆኑን፣ የወጣት ልጅ ሀሳብ ከታዋቂ ሰው አፍ ሲወጣ ክብደት እንደሚጨምር፣ ጸሐፊዋም ከአዳራሹ በር ሆና ልትሰማው እንደምትችል ገልጸዋል።

ጸሐፊዋ እጇን አውጥታለች።

የታሪክ መምህሩ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስተው፣ «እሷ ከተናገረች ማን ይጽፋል?» ብለዋል። ጸሐፊዋ እየተናገረች መጻፍ እንደምትችል አስረድታለች። ፎቶ አንሺው ያ ከሆነ ስለ ራሷ አሳምራ ትጽፋለች የሚል ስጋታቸውን ገልጸዋል። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ጸሐፊዋ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ የምትናገረው በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር በሦስት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊዋ ለአራት ደቂቃ ተናግራለች። የተናገረችው አልሰፈረም። ስትጨርስ የታሪክ መምህሩ ቆመው ከነበረበት ተቀምጠዋል፤ የፎቶ አንሺው የካሜራ ክዳን ወድቆ እስከ መጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተንከባሏል። ፋርማሲስቷ «አበጀሽ!» ብለዋል። ፋርማሲስቷ አባል ስለሆኑ ይህ ሰፍሯል።

ሰብሳቢው ጽሑፉ ለሚኒስትር አፍ የሚመጥን መሆኑን ማረጋገጥ እንደሚፈልጉ ገልጸው እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጥታቸዋለች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ገጽ እየገለጡ አሥራ አንደኛው ላይ ቆመዋል። ከ10፡32 እስከ 10፡37 ያንኑ ገጽ አንብበዋል።

ከዚያም ሰብሳቢው «ይህን መዝገብ ማን ሰጠሽ?» ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ መልሳለች፤ መልሷ አልሰፈረም። ፋርማሲስቷ በእሷ ፈንታ፣ «መዝገብ ቤት ነው ጌታዬ። ለማንም ክፍት ነው፣ ገብቶ የሚያነብ ጠፋ እንጂ» ብለዋል። የታሪክ መምህሩ ምን እንደተጻፈ ሲጠይቁ ፋርማሲስቷ ከሰብሳቢው እጅ ወስደው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበዋል። ገጹ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ሴትየዋ ከምትሠራበት ክፍል እንድትወጣ ክስ ቀርቦባት፣ በቀጠሮዋ ከጠዋት ጀምሮ በችሎቱ በር ላይ ተቀምጣ፣ ሳትጠራ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተፈርዶባት ከነስፌት መኪናዋ ወጥታለች። የዳኛው ስም በጽሑፉ አልተጠቀሰም። ሁሉም ሰብሳቢውን አይቷል።

ሰብሳቢው ገጽ አሥራ አንድ ተነሥቶ የቀረው ለቀድሞው ሚኒስትር እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበዋል። በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። የተቃወሙት ፋርማሲስቷ ናቸው። በሃያ ሦስት ስብሰባ ውስጥ የመጀመሪያው ተቃውሞ በመሆኑ ሰብሳቢው እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቀዋል። ፋርማሲስቷ «በትልቁ» ብለዋል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

በኮሚቴው ልማድ ለእያንዳንዱ እንግዳ ከመጥሪያው ጋር የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ይላካል፤ ኮሚቴው ለክብራቸው ምን ያህል እንደደከመ እንዲያውቁ ነው። ፎቶ አንሺው ቅዳሜ ስለደረሰ ግልባጩ ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁኑኑ እንዲላክ አሳስበዋል። ሰብሳቢው ከመላኩ በፊት እንዲነበብ አዘዋል፤ ጸሐፊዋም ከመጀመሪያው ጀምራ አንብባለች።

ንባቡ አጀንዳ 2 ላይ ሲደርስ የታሪክ መምህሩ «ይህን እኔ ብያለሁ?» ብለዋል። ፋርማሲስቷ «ብለሃል እንጂ፤ እጅህን እያወናጨፍህ» ብለዋል። ፎቶ አንሺው «ቆይ፣ ሦስቱም ነው እንዴ የሚያነቡት?» ብለው ጠይቀዋል። አጀንዳ 3 ሲነበብ ጥያቄያቸውን ደግመው ጠይቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ቀጥኗል። ፋርማሲስቷ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል።

የታሪክ መምህሩ ስለ ጠበቃው የተናገሩት እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ አስተያየት ሰጥታለች፤ አልሰፈረም። ፋርማሲስቷ አስተያየቱን ሲተረጉሙ፣ አንድ ነገር የሚሰረዘው በውሳኔ መሆኑን፣ ውሳኔውም መጻፍ እንዳለበት፣ ስለዚህ «ጠበቃው የሚሸነፉ ሲመስላቸው ብዙ ይናገራሉ የሚለው ይሰረዝ» ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ እንደሚጻፍ አስረድተዋል። የታሪክ መምህሩ ጥያቄያቸውን ትተዋል። ፎቶ አንሺው ለዛሬ ግልባጩ ሳይላክ ይቅር ብለዋል። ሰብሳቢው ሃያ ሁለት እንግዶች እንደደረሳቸው፣ ሃያ ሦስተኛው ምን ተደበቀብኝ እንደሚል፣ ከሦስቱ አንዷም በቴሌቪዥን እንደምትጠይቅ አስታውሰዋል። ፎቶ አንሺው «ጠይቃም ራሷ ትመልሳለች» ብለው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

አጀንዳ 4 ሲነበብ ሰብሳቢው ከገጽ አሥራ አንድ ጀምሮ ያለው እንዲደገም አዘዋል። ተደግሟል። ሦስተኛ ጊዜም እንዲነበብ አዘዋል። ከዚያ በኋላ እንዲህ ብለዋል፦ «ሴትየዋ በሩ ላይ ነበረች። አውቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ ነበር።» ፎቶ አንሺው ይህ ባይጻፍ አይሻልም ወይ ብለው በትሕትና ጠይቀዋል። ሰብሳቢው «ጻፊው» ብለዋል።

ቀጥለውም፣ ጸሐፊዋ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች የተናገረችው ምን እንደነበር እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል። እንዳልሰፈረ ተነግሯቸዋል። እንድትደግመው ሲጠይቁ የታሪክ መምህሩ ብትደግመውም እንደማይሰፍር፣ ውሳኔ ውሳኔ መሆኑን አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ይህን ውሳኔ የሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ፋርማሲስቷ «እርስዎ» ብለዋል።

ሰብሳቢው ስቴፕለሩን አንስተው ሳይመቱ መልሰው አስቀምጠዋል። ከዚያም የሚከተለውን አቅርበዋል፦

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ሦስቱ እንግዶች ለሌላ ጊዜ እንደሚጠሩ ይነገራቸው፤ የቅዳሜው መጥሪያ ስለቀረም ግልባጩ አይላክላቸው። በሩ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም እንዳለ ይቆይ።

የታሪክ መምህሩ ይህ ከሆነ የአርባ ደቂቃው ገደብም አብሮ መነሣቱን አረጋግጠው በደስታ ደግፈዋል። ፋርማሲስቷ ወዲያውኑ ተነሥተው፣ የቅዳሜዋን ተናጋሪ ራሳቸው በአንድ ደቂቃ እንደሚያስተዋውቁ፣ እሷን ለማስተዋወቅ ስትወለድ ማን አጠገቧ እንደነበረ መተረክ እንደማያስፈልጋቸው፣ አጠገብ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ገልጸዋል። ፎቶ አንሺው ለጋዜጠኛዋ ማን ይነግራታል ብለዋል። እሳቸው እንዲነግሩ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ዋናው ሀሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የቀደመው ክልከላ ስለተነሣ፣ ጸሐፊዋ በአራት ደቂቃ የተናገረችው እዚህ ይሰፍራል፦ «ያጠናሁት እኔ ነኝ፣ የማነበውም እኔ ነኝ። ስድሳ አንድ ሰው ሳይሰማ ተፈርዶበታል፤ እኔን ስድሳ ሁለተኛ ማድረግ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ዓይኔን እያያችሁ አድርጉት። ጽሑፌን ቀዳችሁ ለማንም ብትሰጡ ቅዳሜ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከእሱ ቀድሜ በቃሌ እላለሁ። ልብስ ሰፊዋንም ጠርቻታለሁ። ትመጣለች።» የቀረው ሦስት ደቂቃ ለፎቶ አንሺው በግል የተነገረ ስለሆነ አልሰፈረም።

ሰብሳቢው ሴትየዋ በእርግጥ ትመጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ እንደምትመጣ መልሳለች። ሰብሳቢው «እንግዲያው መጀመሪያ እሷ ትናገር፤ ሰዓት የሚቆጥር ሰው እንዳይኖር» ብለዋል። ማንም አልተቃወመም።

የታሪክ መምህሩ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከተሻረ ይህ የመሻሪያ ውሳኔም ዛሬ የተወሰነ በመሆኑ አብሮ መሻር አለመሻሩን ጠይቀው፣ ጥያቄውን ከጥንት ሸንጎዎች ጀምረው ለማብራራት ጉሮሯቸውን ጠርገዋል። ፋርማሲስቷ ቦርሳቸውን አንስተዋል፣ ፎቶ አንሺው መብራቱን አጥፍተዋል፣ ስብሰባውም 11፡50 ላይ ተዘግቷል።